ከወገብ በታች 1966

በአገራችን አሻንጉሊት የሚገዛው ለልጅ አይደለም፤ ለቡፌ ነው። ልጁ ሰበብ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ከፍቶ «ይኼ ለሚጢዬ» ይላል፣ ሚጢዬ በሁለት እጇ ትቀበላለች፣ ጉልበት ስማ ታመሰግናለች፣ ፎቶ ይነሣል። እንግዳው ተሸኝቶ በሩ ሳይዘጋ እናት «አምጪ እስቲ፣ ታቆሽሽያታለሽ» ትልና አሻንጉሊቷ መስታወቱ ውስጥ ትገባለች። ቁልፉ ከእናት መቀነት ጫፍ ይቋጠራል። ከዚያ ወዲያ ሚጢዬ የራሷን አሻንጉሊት የምትጎበኘው በመስታወት በኩል ነው። አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ ስትመጣም አሻንጉሊቷ እዚያው ናት፤ የሚጢዬ ልጅ በተራዋ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች።

ቡፌ ያለበት ቤት ያደገ ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ጳጳስ ካልመጣ በቀር የማይወርዱ ብርጭቆዎች፣ መካከሉ ላይ የሠርግ ፎቶና የፕላስቲክ አበባ፣ ከሁሉ ፊት ደግሞ አሻንጉሊቷ፤ ከሥሯ ዳንቴል ተነጥፎላት። ቴሌቪዥን ሲመጣ አንዳንዷ እድገት አግኝታ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጥታ ነበር። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ሲተካ ግን መቀመጫ አጣችና ያለ ደብዳቤ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ተመለሰች።

ጎባ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ቡፌ የተፈጠረች ከተማ ናት። ዛሬ የባሌ ዞን ዋና ከተማ ሮቤ ብትሆንም፣ የባሌ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ ነበረች። መምህሩ፣ ዳኛው፣ መኮንኑ፣ ነርሷ ከየአገሩ ተመድበው ይመጡ ነበር። ሲመጡ ከነዕቃቸው ነው፤ ተዛውረው ሲሄዱ ደግሞ መንገድ የሚሰብረውን ለጎረቤት ትተው ነው። ከዚያ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ ሜዳው ላይ የተንጣለለችው ሮቤ ቢሮውንም፣ አየር ማረፊያውንም፣ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግቢም ወሰደች። ለጎባ ጽዱ፣ ቁሩና ቡፌው ቀሩላት። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሰው አመሻሹ ላይ ጋቢውን ደርቦ ቤቱ ይገባል፤ ቤቱ የገባ ሰው ደግሞ ቡፌውን ያሳምራል።

ሰሞኑን እዚያው ጎባ የምትኖረው አክስቴ እቴቴ የሳሎኗን ጣውላ አስነሥታ ሴራሚክ ላስነጥፍ አለችና ቡፌው መነሣት ግድ ሆነበት። ዕቃው ምንጣፍ ላይ ሲዘረጋ አሻንጉሊቶቹ ለብቻቸው አንድ ረድፍ ሞሉ። ሁሉም ተሰብስቦ እየሳቀ ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የቤተሰቡን ሰላም አናጋው።

«የመጀመሪያዋ ባርቢ እኮ በብዙ ሺህ ዶላር ነው የምትሸጠው» አለ።

ስልኩ አልዋሸም። ሩት ሃንድለር የምትባል አሜሪካዊት በልጇ በባርባራ ስም ባርቢ ብላ የሰየመቻትን አሻንጉሊት፣ ማቴል የተባለው ኩባንያዋ ኒውዮርክ በተደረገ የመጫወቻ ዕቃዎች ትርዒት ላይ ያቀረበው እንደ ፈረንጆቹ በ1959 ነው። ያኔ ዋጋዋ 3 ዶላር ነበር። ያቺ የመጀመሪያዋ፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው የዋና ልብስ ለብሳ፣ ውስጥ እግሯ ላይ ማቆሚያው የሚገባበት ቀዳዳ ያላት፣ ዛሬ ከነካርቶኗ ከተገኘች ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል። በ2010 ደግሞ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች አንዲት ባርቢ በ302,500 ዶላር ሸጧል። የእህቴ ልጅ እስከዚህ ጮክ ብሎ አነበበና ስልኩን ዘጋ። ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ያቺ ባርቢ አንገቷ ላይ እውነተኛ አልማዝ አጥልቃ እንደነበር፣ ቤቱ የሰማው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ግን ዶላሩ በብር ተባዝቶ፣ ሴራሚኩ ተነጥፎ፣ ጣሪያው ተቀይሮ፣ ግቢው ውስጥ የሚከራይ ክፍል ተሠርቶ አልቋል። ቡናው በረካ ሳይደርስ እሳቱ ጠፋ፤ ያስታወሰው የለም።

በእቴቴ ቡፌ ውስጥ ባርቢ ነበረች። ወንድሟ ከዋሽንግተን ያመጣላት፣ ጸጉሯ ወርቃማ፣ አንገቷ ረጅም፣ እግሯ ቆማ እንዳትቀር ተብሎ የተሠራ የሚመስል።

«መለያው ከወገቧ በታች ነው ይላል» አለ የእህቴ ልጅ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች እቴቴ።

«ጽሑፉ… መቀመጫዋ ላይ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የእቴቴ ባል፣ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሼ፣ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ጎረቤታችን አዴ «ዋቅ!» ብለው አፋቸውን በሻሻቸው ከደኑ። ያቺ ባርቢ እዚያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ በጨዋ ደንብ ተቀምጣ የኖረች ናት፤ ማንም ቀሚሷን ነክቶባት አያውቅም። እቴቴ በመጨረሻ «ወንዶች ዞር በሉ» ብላ አዘዘች። ዞርን። ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ይዛ፣ የስልክ መብራት አስበርታ፣ ከነጠላው ሥር አነበበች።

«1966 ይላል!»

ጋሼ ሳይፈቀድላቸው ተመለሱ። «አብዮቱ!» አሉ። ከዚያ በኋላ እሳቸውን ማን ይይዛቸዋል? የመምህራኑን አድማ፣ የታክሲ ነጂዎቹን አድማ፣ የነዳጁን ጭማሪ፣ የካቲትን በሙሉ አወሩን። አሻንጉሊቷ የታሪክ ማስረጃ ሆነች። አዴ ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲያ የደርግ እኩያ ናታ፤ ለዚህ ነው ፊቷ የማይፈታው» አሉ።

የእህቴ ልጅ ዓመቱ የፈረንጅ መሆኑን ሲያስረዳ ደስታው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የፈረንጆቹ 1966 ለእኛ 1958 ነው፤ ከአብዮት ዕቃ የጃንሆይ ዘመን ዕቃ ይበልጣል። ችግሩ የመጣው የልጁ እጅ አርፎ ባለመቀመጡ ነው። ጸጉሯን ገለጥ አድርጎ አንገቷ ከጭንቅላቷ የሚገጥምበትን ጠርዝ ሲያይ ሌላ ቁጥር አገኘ፦ 1976።

ወገቧ 1966፣ ጭንቅላቷ 1976። ሸንጎው እንደገና ተቀመጠ። እቴቴ ወንድሟን ጠረጠረች፤ «አሮጌ ገዝቶ፣ ጭንቅላት አስቀይሮ ነው ያመጣልኝ» አለች። ጋሼ አንዱ የማተሚያ ስሕተት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከሁሉ የተሻለው የአዴ ነበር፦ «ምን ያስገርማል? የሰውስ ቢሆን ጭንቅላቱ ከወገቡ እኩል መቼ አድጎ ያውቃል!»

ነገሩ የተፈታው ወደ ዋሽንግተን ተደውሎ ነው። ወንድሟ በመጀመሪያ የስጦታውን ዕድሜና ዋጋ በመጠየቁ ቢቀየምም፣ ሠፈሩ ውስጥ አሻንጉሊት የምትሰበስብ አሮጊት ስላለች ጠይቆ መለሰ። 1966 የተሠራችበት ዓመት አይደለም። ማቴል ወገቧ የሚዞረውን የባርቢ አካል ቅርጽ በስሙ ያስመዘገበበት ዓመት ነው። ያንን ቁጥር ከዚያ ወዲያ ለአሥርታት፣ እስከ 1990ዎቹ ድረስ፣ በሚያወጣቸው አሻንጉሊቶች ላይ ሲያትመው ኖሯል። 1976ም እንዲሁ የፊቷ ቅርጽ የተመዘገበበት ነው። እናም ፊቷ የ1976፣ አካሏ የ1966፣ ራሷ ግን በ1990 አካባቢ የተወለደች ባርቢ ዓለምን ሞልታለች። በዚህ ቁጥር ተታሎ የጣሪያ ቆርቆሮ የመረጠው ቤት የእኛ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካም ውስጥ የአያቱን ቤት ያጸዳ ሁሉ በዚሁ ነው የሚሳሳተው።

እውነተኛውን ዕድሜ የሚናገረው ከዓመቱ አጠገብ ያለው የአገር ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ባርቢዎች ጃፓን ተሠሩ። ከዚያ ፋብሪካው ርካሽ ጉልበት እየፈለገ ታይዋን፣ ሆንግ ኮንግ፣ ፊሊፒንስ፣ ማሌዥያ፣ ቻይና፣ ኢንዶኔዥያ ሄደ። የእኛዋ «ማሌዥያ» ትላለች። ይኸው ለአሮጊቷ ከተነገራት በኋላ ዋጋዋም በሁለት ቃል መጣ፦ ጥቂት ዶላር። ከጎባ ዋሽንግተን ለመላክ የሚከፈለው ግን ጥቂት አይደለም። ካርቶኗ ቢኖር ትንሽ ከፍ ይል ነበር ተባለ። ሁላችንም ወደ እቴቴ ዞርን። እቴቴ ደግሞ ወደ ከሰል ምድጃው ዞረች። ጎባ ውስጥ በክረምት ደረቅ ካርቶን ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ያልተነካች፣ ያልተበጠረች፣ ከማሰሪያዋ ያልተፈታች፣ ልጅ ያልጨበጣት አሻንጉሊት ነው። ይህን ከእኛ እናቶች የተሻለ ማን አሟላ? ሚጢዬን አስለቅሰው፣ መስታወት ቆልፈው፣ በየሳምንቱ አቧራ አራግፈው የዓለምን ጥብቅ የሰብሳቢ ሕግ ማንም ሳያስተምራቸው ፈጽመዋል። የጎደላቸው ካርቶን ብቻ ነው።

የቁጥር ነገር ከተነሣ፣ ባርቢ ከመወለዷ በፊት የነበሩት ጀርመኖች የባሰ አሳሳቾች ነበሩ። ከመቶ ዓመት በፊት በጀርመን በቱሪንጊያ ምድር ፊታቸው ሸክላ የሆነ አሻንጉሊቶችን በብዛት የሚያወጡ ፋብሪካዎች ነበሩ። አርማን ማርሴይ እና ሲሞን ኡንድ ሃልቢግ የሚባሉት ስሞች በብዛት ይገኛሉ። ማርካቸው ማጅራት ላይ፣ ከጸጉሩ ሥር ነው። እዚያ የሚጻፈው ቁጥር፣ 390 ይሁን 1079፣ የቅርጹ መለያ እንጂ ዓመት አይደለም። 1079 የሚለውን አይቶ አሻንጉሊቷን የላሊበላ ዘመን ታላቅ ያደረገ አዋቂ ሳይኖር አይቀርም። የማያታልለው አንድ ነገር አለ፦ አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም ይጻፍበት የሚል ሕግ ስላወጣች፣ ማጅራቷ ላይ በእንግሊዝኛ የአገር ስም ያላት አሻንጉሊት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የመጣች ናት። እንዲህ ያለች የሸክላ ፊት ከእቴቴ ቡፌ ብትወጣ ኖሮ ይህን ወግ የምጽፈው ከሌላ ከተማ ነበር። አልወጣችም።

ቀጣይዋ ባለ ድምፅ ነበረች። ስትጋደም ዓይኗ ይዘጋል፣ ስትቀና ይገለጣል፣ ስትገለበጥ «ማማ» ትላለች። ይላሉ እንጂ ዛሬ የምታሰማው የበር ማጠፊያ ድምፅ ነው። አንድ ዓይኗም ተገልጦ ቀርቷል፤ በዚህ ምክንያት እቴቴ ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምታሳድራት። ጋሼ አንሥተው ካገላበጧት በኋላ «የጣልያን ናት» አሉ።

ይህችን ፍርድ አውቃታለሁ። በእኛ አገር ያረጀና ያልተሰበረ ነገር ሁሉ የጣልያን ነው። ድልድዩ የጣልያን ነው፣ መጋዙ የጣልያን ነው፣ የበር ቁልፉ የጣልያን ነው። አምስት ዓመት የቆየ ወራሪ ይህን ሁሉ ዕቃ ሲያራግፍ መቼ ተዋጋ ያሰኛል። ርግጥ ጣልያኖች አሻንጉሊት ያውቁበታል፤ ቱሪን ውስጥ በ1919 የተቋቋመው ሌንቺ ከተጠቀጠቀ ሱፍ የሚሠራቸው አሻንጉሊቶች ዛሬም በክብር ይፈለጋሉ። የእኛዋ አልቃሻ ግን ማጅራቷ ሲታይ «ሆንግ ኮንግ» የሚል ተገኘባት። ጋሼ መነጽራቸውን መለሱና «ጣልያን እዚያ አሠርቶት ይሆናል» አሉ። መምህር ሆኖ የኖረ ሰው በተማሪ ፊት አይረታም።

ሦስተኛዋ የኪሮሽ ቀሚስ የለበሰችው ናት። ራቁቷን ከሱቅ ተገዝታ፣ እቴቴ ሮዝና ነጭ ክር ደራርባ ቀሚሷን ስለሠራችላት አልጋ ላይ ከትራሱ መካከል ስትቀመጥ ቀሚሷ ግማሹን አልጋ ይሸፍናል። እንግሊዞች ቤት ይህችው አሻንጉሊት፣ በዚሁ ቀሚስ፣ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት መሸፈኛ ሆና ታገለግላለች። ይህን ለእቴቴ አልነገርኳትም። እናንተም አትንገሩ።

ከሩቅ የመጣችው ማትርዮሽካዋ ናት። ጋሼ በደርግ ጊዜ ለሥልጠና ሞስኮ ሄደው ያመጧት፣ አንዷ በሌላዋ ሆድ የምትገባ የእንጨት ገበሬ ሴት። ሩሲያውያን የጥንት ቅርሳችን ይበሏት እንጂ የመጀመሪያዋ የተሠራችው በ1890ዎቹ ነው። በ1900 ፓሪስ ላይ ተሸልማ ዓለም አወቃት። የእቴቴዋ መቀመጫ ላይ (እንደገና መቀመጫ!) በሩስያኛ ዋጋዋ ታትሟል። በሶቪየት ኅብረት ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ስለነበር በዕቃው ገላ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ነጋዴ አይከራከርም፣ ገዢ አይለምንም። ጋሼ ሩስያኛቸውን አቧራ አራግፈው አነበቡልን። «ይኸው፣ ዋጋዋ የታወቀ ነው፤ በዚህ እንሽጣት» አሉ። ዋጋውን የወሰነው መንግሥት ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፤ ሩብሉም አብሮ ሄዷል።

ዋናው ጉድለቷ ሌላ ነው። አምስት መሆን ሲገባቸው አራት ናቸው። ትንሿ፣ የማትከፈተው፣ የባቄላ ፍሬ የምታክለው የለችም። ልጆች ሳለን ቡፌው በስሕተት ሳይቆለፍ በቀረበት አንድ ቀን አውጥተን ስንጫወትባት ጠፋች። ወንጀሉ በአንዱ የአጎቴ ልጅ ላይ ተለጠፈ፤ ዋጣት ተባለ። የጉሎ ዘይት ጠጣ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በአዋቂ ክትትል ሥር ወጥቶ ገባ፤ ማትርዮሽካዋ ግን አልወጣችም። ዛሬ እሱ የተከበረ ሰው ነው፤ ስብሰባ ይመራል። እኛ ዘመዶቹ ግን ሆዱን ሲይዝ ባየን ቁጥር ዓይን ለዓይን እንተያያለን።

የውጭ ገበያው ተስፋ ሲቆረጥ የእህቴ ልጅ ቱሪስት አሰበ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2016 የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳኔቲ አምባ የሚወጣው እንግዳ ጎባ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ማታ ሆቴል ሄደን ብናሳየውስ አለ። እቴቴ ተናደደች። «ፈረንጅ አገር የተሠራ ለፈረንጅ? ቀይ ቀበሮ ልይ ብሎ የመጣ ሰው የማሌዥያ ልጅ ታሸክመዋለህ?» አለችው። ትክክል ናት። ያ እንግዳ ከባሌ የሚፈልገው ባሌን ነው።

በማግስቱ ጧት ልዋጯ መጣች። በጎባ ገበያ ውስጥ ከዋሽንግተኗ አሮጊት የምትበልጥ ዋጋ አውጪ ካለች ልዋጭ ናት። ሳፋና ጆግ ተሸክማ «ልዋጭ፣ ልዋጭ!» እያለች በር ለበር ትዞራለች፤ አሮጌ ልብስ፣ ጫማ፣ ብረት ድስት ተቀብላ አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ትሰጣለች። ረድፉን ቆማ አየችው። ባርቢን በአንድ እግሯ ይዛ አነሣቻት። ማርክ አልፈለገችም፣ ቀሚስ አልገለጠችም። በአውራ ጣቷ ሆዷን ጫን አድርጋ ፕላስቲኩ ስስ መሆኑን አረጋገጠችና መለሰቻት።

«ለሁሉም አንድ ጆግ» አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ክዳን የለውም» ብላ ጨመረች።

እቴቴ የሰጠችውን መልስ እዚህ አልጽፈውም። ልዋጯ ግን አልተቀየመችም። ወደ በሩ እየሄደች ጥግ ላይ ወደ ቀረችው ዞር ብላ «ይቺ አፈሯ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች። ከሁላችንም ዓይን ያመለጠችው ለእሷ ታየች።

ረድፉ ውስጥ ያልቆጠርናት ጥቁር የሸክላ ሴት ነበረች፤ ቁመቷ ጣት የሚያህል፣ ልጅ ያዘለች። ጋሼ ባሌ ከመዛወራቸው በፊት ጎንደር ሲያስተምሩ ከወለቃ የገዟት ናት። ወለቃ ከጎንደር ወደ ሰሜን ሲወጡ መንገድ ዳር ያለች የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሴቶቹ ምንቸትና ጀበና የሚሠሩ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ጎብኚ መምጣት ሲጀምር በዚያው አፈር ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ልጅ ያዘለች እናት እየሠሩ ከአስፋልቱ ዳር መደርደር ጀመሩ። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር 1977 መጣ፣ 1983 መጣ፤ በሁለቱ ዘመቻዎች ሠሪዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት 1983 ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጓጓዘ። ዛሬም ወለቃ ላይ ሸክላው ይሠራል፤ የሚሠሩት እጆች ግን ሌሎች ናቸው። ያቺን የጋሼን ሴት አንሥቼ ስገለብጣት መቀመጫዋ ላይ ቁጥር የለም፣ የአገር ስም የለም። ከታዘለው ልጅ ጀርባ ላይ፣ ጭቃው ሳይደርቅ የሠሪዋ አውራ ጣት ተጭኖ የጣቷ መስመር አንድ በአንድ ቀርቷል። የማቴል ማኅተም ለሚሊዮኖች የታተመ ነው፤ ይህ ግን አንድ ሴት አንዴ ብቻ የጫነችው ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ከረድፉ ውድ ብዬ የምፈርደው ለእሷ ነበር። ጋሼ የገዙበትን ሲጠየቁ «በሳንቲም» አሉ።

እንዲህ ያለውን ለመንገደኛ መሸጥ ግን ሌላ መዘዝ አለው። በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ አሮጌ የእጅ ሥራ ሻንጣ ውስጥ የያዘ መንገደኛም አየር ማረፊያ ላይ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ማጥበቅ ያስፈለገው በከንቱ አይደለም። ኮንሶዎች ለጀግና መቃብር የሚያቆሟቸውን ዋካ የሚባሉ የእንጨት ሐውልቶች ሌባ ከመቃብር እየነቀለ ለቱሪስት ሸጧቸዋል። ገዢው ሳሎኑ ጥግ ያቆመው «የአፍሪካ አሻንጉሊት» ብሎ ነው፤ እሱ ግን የአንድ ሰው አባት ነበር። ከተያዙት አንዳንዶቹ ዛሬ ኮንሶ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የወለቃዋ ሴት የመቃብር ዕቃ አይደለችም፤ መጀመሪያውኑ ለመሸጥ የተሠራች ናት። ቢሆንም ጠይቆ መሸጥ፣ ካልሆነም አለመሸጥ ይሻላል።

የመጨረሻዋ ከመሳቢያው ሥር፣ ከደረሰኝና ከሞተ ባትሪ መካከል ወጣች። ከአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ተሰፍታ ብጥስጣሽ ጨርቅ የተጎሰጎሰባት፣ ዓይኗ በጥቁር ክር የተጠለፈ፣ ጸጉሯ የበግ። እቴቴ ራሷ በልጅነቷ ዕቃ ዕቃ ስትጫወት የሠራቻት ናት። በቆላ ያሉ ልጆች የበቆሎ እሸት ከነጸጉሩ ጠቅልለው ያዝሉታል፤ ጎባ ገብስ እንጂ በቆሎ እንደ ልብ ስለማይበቅል ጨርቅ ነው። አንድ እግር የላትም፤ አይጥ በልቶታል። ይህ ነውር አይደለም። ባሌ በአይጥና በፍልፈል የከበረ አገር ነው፤ በዓለም ካለው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላዩ እዚህ ተራራ ላይ የሚኖረው መልክዓ ምድሩ ማርኮት አይደለም።

የእህቴ ልጅ «ይቺን ደግሞ…» ብሎ እጁን ሲዘረጋ እቴቴ ቀድማ ብብቷ ውስጥ ከተተቻት። «ይቺን ማንም አይገለብጥም!»

ብትገለበጥም ገበያ የላትም። ማርክ የላትም፣ ካርቶን አልነበራትም፣ ብዙ ተጨብጣለች። ለሰብሳቢ መዝገብ ሦስቱም ኃጢአት ናቸው። ሆኖም ትውልድ ከተቆጠረ ባርቢ ለእሷ የትናንት ልጅ ናት። ለንደን ብሪትሽ ሙዚየም ውስጥ ከግብፅ አሸዋ የወጣች የጨርቅ አሻንጉሊት አለች። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራች፣ በፍታዋ ውስጥ ጨርቅና ፓፒረስ የተጎሰጎሰባት። ያቺን ያቆያት ደረቁ አሸዋ ነው። የእቴቴን በጎባ ጭጋግና አይጥ መካከል ያቆያት ግን መሳቢያ መክፈት የሰለቸው ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ አንዲትም አልተሸጠችም። ባርቢ ቀሚሷ ተስተካክሎላት ተመልሳለች። አልቃሻዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። የወለቃዋ ሴት በእኔ ጉትጎታ ከፊት ረድፍ ገብታለች። አራቱ ማትርዮሽካዎች ተሰልፈው ቆመዋል። የሳሎኑ ጣውላም ተነሥቶ አልቋል፤ ከሥሩ የተገኘው ሁለት የጃንሆይ ሳንቲም፣ አንድ የሹራብ መርፌና የአጎቴ ልጅ የጠፋበት የመጀመሪያ ጥርስ ነው። ጣውላውን ገዝተው በጋሪ የጫኑት ሰዎች ሠፈራቸው ወደ ሮቤ መውጫ አካባቢ መሆኑን ሰምተናል። በእንጨቱ ስንጥቅ መካከል ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ የባቄላ ፍሬ የምታክል የእንጨት ሴት ያገኘ ሰው ካለ እባካችሁ ለእቴቴ አድርሱላት። ጆግ ትሰጣለች፤ ክዳን ያለው። ወሮታው ይቅርና የአጎቴ ልጅ ስም ከክስ ይነጻል።